የወጣቶች ብድርና የነጋዴው ድርሻ

የከተማ ወጣቶች ጽሕፈት ቤት ከሥራ ዕድል ፈጠራው ክፍል ጋር በመተባበር ሥራ የሌላቸውን ወጣቶች ይመዘግባል፤ በማኅበር ያደራጃል፤ ሥልጠናና ብድር የሚያገኙበትንም መንገድ ያሳያል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ዕድሜው ከ15 እስከ 29 ዓመት የሆነውን ነው። በ2009 ዓ.ም. ለተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለታል።

ይህ ገንዘብ ብድር እንጂ ችሮታ አይደለም፤ ተመልሶ ለሌላው ወጣት የሚሰጥ ነው። ስለሆነም አንዱ ማኅበር ሲከስር ተራውን የሚጠብቀውም አብሮ ይጎዳል። ለጀማሪ ማኅበር ከመሥሪያ ቦታው ይልቅ የሚቸግረው ገዢ ማግኘት ነው፤ ገዢም ሲገኝ ሒሳቡን በጊዜው መቀበል ነው። የገዢው ክፍያ ቢዘገይም የብድሩ ቀን አይዘገይም።

እንግዲህ ነጋዴው ወገናችን መደርደሪያም ሆነ የብረት በር ሲያሠራ ከእነዚህ ወጣቶች ይዘዝ፤ ቀብዱን ይስጥ፤ ዕቃውን በተረከበ ዕለትም ቀሪውን ይክፈል።