ሚሌፎሊን ቀምሰን ማርክ የሰጠንበት መንገድ

ከተማ ወጥቶ ኬክ ቤት ገብቶ «ክሬም ያለውን ስጠኝ» ያላለ ዕጩ መምህር ካለ እጁን ያውጣ። ኪሳችን በፈቀደ ጊዜ ሁላችንም ብለናል። የትኛው ቤት ይሻላል በሚለው ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም። አንዱ በዚህኛው ይምላል፣ ሌላው በዚያኛው፤ መኝታ ክፍል ውስጥ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ክርክር ነው። ስለዚህ አምስት ሆነን ገንዘብ አዋጣንና ከሁለት ኬክ ቤቶች፣ ከአንድ ዳቦ ቤትና ከአንድ ሱቅ ሚሌፎሊ ገዝተን በሥርዓት ቀመስን። የቤቶቹን ስም አንጽፍም፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ ብለናቸዋል።

በመጀመሪያ ስለ ምግቡ ራሱ። ሚሌፎሊ የጣልያንኛ ስም ሲሆን ትርጉሙ «ሺህ ቅጠል» ማለት ነው። እንደ ማኪያቶና እንደ ቦምቦሊኖ ሁሉ ይህም ስም ከጣልያኖች ጋር የመጣ ነው። ሊጡ ተዳምጦ የገበታ ቅቤ ይጠቀለልበታል፤ እንደገና ተዳምጦ ሦስት እጥፍ ይታጠፋል። ይህ ስድስት ጊዜ ከተደጋገመ 3×3×3×3×3×3 ማለት 729 የቅቤ ድርብ ይወጣል። ሺህ አይሞላም፣ ግን ማን ይቆጥራል! ምድጃ ሲገባ በሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ቅጠሎቹን ወደ ላይ ይገፋል፤ በመካከል ያለው ቅቤም እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። በቅቤ ፈንታ ቶሎ የማይቀልጥ ማርጋሪን የገባበት እንደሆነ ከተበላ በኋላ ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ሰም የሚለጠፍ ነገር ይቀራል። በምላስ የሚታወቅ ነው።

ክሬሙ ደግሞ ከወተት፣ ከእንቁላል አስኳል፣ ከስኳርና ከዱቄት ወይም ከበቆሎ ስታርች ተቀቅሎ የሚሠራው ቢጫው ነው፤ የተመታውን ነጭ ክሬም ማለታችን አይደለም። አስኳል ብቻውን ከወተት ጋር ቢፈላ ይቋጠርና እንደ እንቁላል ፍርፍር ይሆናል። ስታርቹ ግን ይህን ስለሚከላከል ክሬሙ ደህና አድርጎ ሊፈላ ይችላል፤ መፍላትም አለበት። ምክንያቱም በጥሬ አስኳል ውስጥ ስታርችን የሚፈጭ ኢንዛይም አለ። በደንብ ካልፈላ ኢንዛይሙ አይሞትም፤ ማታ ወፍራም የነበረው ክሬም ጧት ቀጥኖ ይገኛል። ከሚሌፎሊ ጎን ውሃ ሲንጠባጠብ ያየ ሰው ከምክንያቶቹ አንዱን እነሆ አወቀ።

ቢጫነቱም ሁልጊዜ የእንቁላል ምስክር አይደለም። በ1837 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ አልፍሬድ በርድ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ፣ ሚስቱ እንቁላል ስለማይስማማት፣ ያለ እንቁላል በስታርች የሚሠራ የክሬም ዱቄት ፈለሰፈ። ዛሬ በቆርቆሮ የሚሸጠው ቢጫ ዱቄት የዚያ ዘር ነው፤ ቀለሙም የሚጨመርበት ነው። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ ጣዕሙን እንይ ተባባልን።

ማርኩን ከመቅመሳችን በፊት ከ20 አደልነው፤ ለቅጠሉ 7፣ ለክሬሙ 9፣ ለስኳሩ ልክ 4። ድርሰት ስናርም መመዘኛ ካላስቀመጥን ያው ወረቀት ከአንዱ አራሚ 9 ከሌላው 4 እንደሚያገኝ በክፍል ተምረናል፤ ኬክም ያው ነው። ቅጠሉ ከክሬሙ እርጥበት እየጠጣ ስለሚልም ሁሉንም በአንድ ጧት ገዝተን በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀመስናቸው። የቆረጠው ልጅ ማርክ አልሰጠም፤ የቀመስነው አራታችን ደግሞ የቱ የማን እንደሆነ አናውቅም ነበር።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በአያያዝ ላይ ነው። አንድ ጓደኛችን «ለአያያዝ 3 ማርክ እንስጥ» አለ። አብዛኞቻችን ግን አልተቀበልነውም። ወተትና እንቁላል ያለበት ክሬም ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ለተሕዋስያን የተመቸ ማሳ ነው፤ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ የሚባለውም ለዚህ ነው። ከሠራተኛ እጅ ወደ ክሬም የሚገባው ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ መርዝ ይተፋል፤ መርዙ ደግሞ በማሞቅ አይጠፋም፣ በሽታም በመዓዛም ላይታወቅ ይችላል። ታዲያ ይህን በ3 ማርክ እንዴት እንለካዋለን? ሦስቱን ያጣ ቤት በጣዕሙ 17 አግኝቶ አንደኛ ይወጣል እኮ! አያያዝ ማርክ ሳይሆን የመግቢያ በር ይሁን ብለን ወሰንን፤ በሩን ያላለፈ አይቀመስም።

ውጤቱም ይኸው፦ ለ 16 አገኘ፤ ቅጠሉ ጥርስ ላይ ይሰበራል፣ ክሬሙ የወተት ጣዕም አለው። ሀ 13፤ ስኳሩ በዛ እንጂ ጥሩ ነው። ዳቦ ቤቱ ሐ 9፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ ክሬሙም ዱቄት ዱቄት የሚል ነው። ሱቁ መ፣ መኝታ ክፍል ውስጥ ብዙ ደጋፊ ያለው ማለት ነው፣ አልተቀመሰም። ልናስመዘግበው ስንሄድ ሚሌፎሊው ፍሪጅ በሌለበት ባንኮኒ ላይ ፀሐይ እየመታው ነበር፤ ሻጩም «ትናንት ማታ ነው የመጣው» ብሎ በቅን ነገረን። ደጋፊዎቹ እስከ ዛሬ ያኮረፉን በዚህ ነው። አንዱማ ቆርሰን ስናየው «ክሬሙን ተዉት፣ ከላይ ያለውን ቅጠል ብቻ ስጡኝ» ብሎ ለመነ። አልሰጠነውም።

ረቡዕና ዓርብ የሚሸጠውን የጾም ኬክ በዚህ ሚዛን አልለካነውም። ወተትም እንቁላልም የለው፤ ክሬሙ በስታርችና በዘይት የቆመ ስለሆነ የ9 ማርኩ መመዘኛ ሌላ መሆን አለበት። የሚጾሙ ጓደኞቻችን ምን ምን መታየት እንዳለበት ጽፈው ከዚህ ወረቀት ሥር ቢለጥፉልን እንቀበላለን።