ሕመምተኛው የማያየው ሥራ

አሜሪካ ውስጥ ጥርሱን ሊያሳጥብ ክሊኒክ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከጥርስ ሐኪሙ ሳይሆን ከጥርስ ንጽሕና ባለሙያዋ፣ ከዴንታል ሃይጂኒስቷ ጋር ነው። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ገብቶ አፉን አይቶ ይወጣል። እኛ ግን ይህችን ባለሙያ የምንመዝናት በፈገግታዋ፣ በእጇ ልስላሴና ከወንበሩ ስንነሣ ጥርሳችን በሚያሳየው ንጣት ነው። መልካም ጠባይና ንጹሕ ጋውን የሚናቁ አይደሉም፤ ሙያዊነቷ የሚለካው ግን ሕመምተኛው ሊያየውም ሊቆጣጠረውም በማይችለው የሥራዋ ክፍል ነው።

ምክንያቱ ከበሽታው ጠባይ ይጀምራል። ጥርስ ላይ የሚጋገረው የባክቴሪያ ሽፋን በጊዜ ካልተነሣ ይጠጥራል። ከድድ በታች ሲዘልቅ የሚቀሰቅሰው ብግነት ጥርሱን የያዘውን አጥንት ቀስ በቀስ ያመነምነዋል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ስለዚህ ባለሙያዋ ሚሊሜትር የተቀረጸበት ቀጭን መለኪያ በድዱና በጥርሱ መካከል እያስገባች እያንዳንዱን ጥርስ በስድስት ቦታ ትለካለች። 28 ጥርስ ላለው ሰው 168 ልኬት ማለት ነው። ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ባብዛኛው የጤና ምልክት ሲሆን፣ 4ና ከዚያ በላይ፣ በተለይ ደም ካለበት፣ ክትትል ይፈልጋል። እንግዲህ ሰዓት ጠበበና ያለፈው ጊዜ ቁጥር እንዳለ ተገለበጠ እንበል፤ ሕመምተኛው በምን ያውቃል? ጥርሱ እንደሆነ ያበራል። ጥፋቱ የሚወጣው ከዓመታት በኋላ ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው። የተገላቢጦሹም አለ፦ ከድድ በታች የሚደረገው ጥልቅ ጽዳት ከመደበኛው እጥበት የበለጠ ስለሚያስከፍል፣ 3 የሆነውን 5 ብሎ መጻፍ ለክሊኒኩ ገቢ ነው። መሣሪያ ማምከንም እንዲሁ ነው። ማምከኛው በእርግጥ ተህዋስያንን መግደሉ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲፈተሽ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይመክራል፤ ወንበሩ ላይ የተጋደመው ሰው ግን መፈተሹን አያይም።

«እሷ ተቀጣሪ ናት፤ ኃላፊነቱ የሐኪሙ ነው» የሚል ክርክር ይነሣል። ምርመራውን የሚያጸድቀውና ሕክምናውን የሚወስነው ባብዛኛው ሐኪሙ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሐኪሙ የሚወስነው እሷ በጻፈችው ቁጥር ላይ ቆሞ ነው፤ 168ቱን ነጥብ ደግሞ አይለካም። የሙያው ታሪክም ከመላላክ በላይ እንደታሰበ ያሳያል። በኮነቲከት ክፍለ ግዛት፣ ብሪጅፖርት ከተማ የነበረው የጥርስ ሐኪም አልፍሬድ ፎንስ እ.ኤ.አ. በ1906 ረዳቱን አይሪን ኒውማንን ጥርስ ማጽዳት ካስተማረ በኋላ፣ በ1913 ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያ የወጡት ሴቶች በከተማው ትምህርት ቤቶች ተሰማርተው የልጆችን ጥርስ እያጸዱ አጠባበቁን አስተማሩ። ሥራው ከመነሻው በሽታን መከላከልና ማስተማር ነበር። ዛሬ ኮሎራዶን በመሰሉ ክፍለ ግዛቶች የጥርስ ንጽሕና ባለሙያዎች ያለ ሐኪም ቁጥጥር በራሳቸው መሥራት ይችላሉ፤ እንዲህ ያለ እምነት የተጣለበት ሙያ «የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» በሚል መልስ ሊሸፈን አይችልም።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ቀጠሮው ተደራርቦ፣ ለአንድ ሰው የተመደበው ደቂቃ አጥሮ፣ ጥፋቱን በባለሙያዋ ላይ መጫን ግፍ አይሆንም? በከፊል ይሆናል። ጊዜ የነፈገ የክሊኒክ ባለቤት ከጥፋቱ ድርሻ አለው፤ ይህ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ቢሆንም ጊዜ ያጠረባት ባለሙያ «ዛሬ ልኬቱን አልጨረስኩም» ብላ መጻፍ ትችላለች። ያልተለካው እንዳልተለካ ከተመዘገበ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይሟላል፤ የተፈጠረ ቁጥር ግን የሚመጣውን ባለሙያ ሁሉ ያሳስታል። የሙያ ፈቃድ ይህንን ታማኝነት አያረጋግጥም፤ የሚመሰክረው ፈተናውን ማለፏን ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 የተመሠረተው የአሜሪካ የዴንታል ሃይጂኒስቶች ማኅበር በሥነ ምግባር ደንቡ እውነተኝነትን ከዋና እሴቶቹ አንዱ ያደረገው በከንቱ አይደለም።

ለእኛ ለአበሾች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን በይሉኝታ፣ የተነገረን ባይገባንም «እሺ፣ እሺ» ብለን እንወጣለን። ሙያዋን የምታከብር ባለሙያ በዚህ «እሺ» አትረካም፤ ቋንቋ ካገደ አስተርጓሚ ታስጠራለች፣ መቦረሹን በእጃችን አሠርታ ታያለች፣ የስኳር በሽታ ይኖርብን እንደሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም እንወስድ እንደሆነ ሳትሰለች ትጠይቃለች። እኛም ልናግዛት እንችላለን። በሚቀጥለው ቀጠሮ «የድዴ ልኬት ስንት ሆነ? ካለፈው ምን ተለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መዝገቡንም እንድታሳያችሁ ለምኑ። የለካች ባለሙያ በጥያቄው ደስ ይላታል እንጂ አትቆጣም።