የብርብራው ዱቄት

ልጅ ሆኜ ክረምት ሲመጣ አጎቴ ጋ ልሂድ ብዬ የማለቅሰው ለዓሣው ስል ነበር። አገሩ ፎገራ ነው፣ ከጣና በስተምሥራቅ። ነሐሴ ላይ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፤ ርብና ጉማራ ደፍርሰው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ነጭ ዓሣው ደግሞ ከሐይቁ ወጥቶ ሽቅብ ይነጉዳል።

አጎቴ ቤት መረብ አልነበረም። የነበረው ብርብራ ነው። ፍሬውን እኛ ልጆች እንለቅማለን፣ አያቴ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ከዚያ እህል በማይነካ አሮጌ ሙቀጫ ይወቀጣል። «ሳትታጠብ ዓይንህን እንዳትነካ!» የሚለው ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በማለዳ ጉማራ ወደሚገባ አንድ ጅረት እንወርዳለን። አጎቴ ዱቄቱን በጆንያ አድርጎ ከላይ በኩል ውኃው ውስጥ ያሸዋል። እኛ ቅርጫት ይዘን ታች እንጠብቃለን። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ብቅ ይልና አፉን ይከፍታል፣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ከዚያማ ሆዱን ገልብጦ የሚንሳፈፈው ብዛቱ! እየጮህን እንገባለን። ትንንሾቹን ዞር ብሎ የሚያይ አልነበረም፤ ውኃው ይወስዳቸዋል።

አያቴ ስትሰነጥቃቸው ሆዳቸው በእንቁላል ጢም ያለ ነው። እንቁላሉን በበርበሬ ጠብሳ ለልጆች ትሰጣለች። መቼም እንደሱ የጣፈጠኝ ነገር የለም። አንዴ አጎቴ እጁን ሰብስቦ «ይሄ ሁሉ እኮ ልጅ ነበር» አለ።

«ብላ እንግዲህ!» አለችው አያቴ።

ካደግሁ በኋላ ነው የገባኝ። ከነዚያ ነጭ ዓሦች ከ10 የሚበልጡት ዝርያዎች ከጣና በቀር የትም አገር የሉም። ብዙዎቹ በዓመት አንዴ፣ ክረምት ላይ፣ እንቁላል ሊጥሉ ወንዝ ይገባሉ። እኛ የጠበቅናቸው እዚያው መንገዳቸው ላይ ነው። ብርብራው ውስጥ ያለው ሮተኖን ደግሞ ትልቅ ትንሽ አይመርጥም፣ ሁሉንም ትንፋሽ ይነሳል።

ጥፋቱን ሁሉ በእኛ ቅርጫት አልጭንም። ወንዙ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ አለ፣ በበጋ ውኃ የሚስበው ሞተር አለ፣ አሸዋ የሚዝቀውም አለ። ግን እኛም ነበርንበት።

አምና በነሐሴ ከአጎቴና ከልጅ ልጁ ጋር ጅረቱ ዳር ቆምን። አጎቴ ውኃውን ብዙ አየው። አንድም አልዘለለም። ልጁ የብርብራውን ፍሬ ከመሬት አንስቶ «አባባ፣ ይሄ ለምን ይሆናል?» አለው።

አጎቴ እኔን አየኝ። «ዛፉ ለጥላ ነው፤ ጣለው» አለው።