ኢሲጂና ኢኮ ሲለያዩ

«ኢሲጂው ልብህ ወፍሯል አለ፤ ኢኮው ደህና ነህ አለ። አንዱ ማሽን ተበላሽቷል ማለት ነው!» ይህ ወሬ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ይሰማል። ስህተት ነው፤ ያውም ጤነኛውን ሰው ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚያንከራትት፣ የታመመውን ደግሞ የሚያዘናጋ።

ሁለቱ ምርመራዎች የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ኢሲጂ ልብ ሲመታ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ይመዘግባል። ኢኮ በድምፅ ሞገድ የልብን ግድግዳ፣ በሮችና የደም ፍሰት ያሳያል። የመብራት ቆጣሪ የቤቱን ግድግዳ ውፍረት አይነግረንም፤ ኢሲጂም እንዲሁ።

ታዲያ «ወፍሯል» የሚለው ከየት መጣ? ኤሌክትሪኩ የሚለካው ከቆዳ ላይ ስለሆነ በመሃል ያለው ስብና አየር ያዳክመዋል። ቀጭን ወጣት ላይ የሚያዳክመው ነገር ጥቂት ነው፤ በኢሲጂው ወረቀት ላይ የሚታየው መስመር ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የሶኮሎውና ላዮን መለኪያ ደግሞ ከደረት ቀኝና ግራ በኩል የተነበቡ ሁለት መስመሮችን ርዝመት ይደምራል፤ ድምሩ 35 ሚሊ ሜትር ከሞላ የልብ መወፈርን ያስጠረጥራል። ማሽኑ ይህንኑ ደምሮ ያትማል፤ ተመርማሪው ቀጭን ይሁን ወፍራም አያውቅም። እንጦጦ ዳገት ላይ የሚሮጥ ልጅማ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 በታች ቢወርድ፣ መስመሩም ቢረዝም ብዙ ጊዜ የልምምድ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ የስፖርተኞች ኢሲጂ መመዘኛ ሁለቱንም ከጤነኛ ለውጦች ይቆጥራቸዋል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መመዘኛው የሚሠራው ምንም የሕመም ምልክት ለሌለው ስፖርተኛ ነው። በኢሲጂው ላይ በግራ ጎን በኩል ቲ የሚባለው ሞገድ ከተገለበጠ ደግሞ ኢኮው ንጹሕ ቢሆንም ክትትል ይገባል፤ አንዳንድ የልብ ጡንቻ በሽታ በኤሌክትሪኩ ላይ ቀድሞ ይታያልና። የኢኮ ጥራትም በሠሪው እጅ ይወሰናል።

ተቃራኒውም አለ። በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው የሩማቲክ የልብ በሽታ በሀገራችን ብዙ ወጣቶችን ያጠቃል። የልብ በር መጥበብ ሲጀምር ኢሲጂ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ኢኮ ግን ያየዋል። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት እናት «ኢሲጂዬ ደህና ነው» ብላ መቀመጥ የለባትም።

ስለዚህ ውጤቶቹን ሁሉ፣ የቀድሞዎቹንም ጭምር፣ ይዛችሁ ቅረቡ፤ አንድ ሐኪም አንድ ላይ ያንብባቸው። በሩጫ መሃል ራስን መሳት፣ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ የቅርብ ዘመድ መኖር፣ የእግር እብጠት ካለ ቀጠሮ አታዘግዩ። ደረትን ጨምድዶ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ላብ የሚያጠምቅ ሕመም ከመጣ ግን የትናንቱ ንጹሕ ወረቀት ዋጋ የለውም፤ በዚያችው ሰዓት ቅዱስ ጳውሎስም ሆነ ሌላ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ድረሱ።