ያልተሠራ ቤት ለሚገዛ ነጋዴ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

አንድ አስመጪ ዕቃ ከባሕር ማዶ ሲያዝ ናሙናውን ሳያይና የመጫኛ ሰነዱ በባንክ ሳይመረመር ገንዘቡን አይለቅም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን በአዲስ አበባ ገና መሠረቱ ያልተጣለ ቤት ሲገዛ፣ ባማረ ሥዕል ተማርኮ የሱቁን መንቀሳቀሻ ገንዘብ አውጥቶ ሲያስረክብ ይታያል። ያልተሠራ ቤት የሚገዛ ሰው ገዢ ብቻ አይደለም፤ ቤቱን እስኪረከብ ድረስ ለሠሪው ኩባንያ አበዳሪ ነው። ስለዚህ ዱቤ የሚጠይቀውን ደንበኛ እንደሚመረምር ሁሉ ኩባንያውንም ሊመረምር ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው መሬቱ ነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ፣ ኩባንያው የሚሸጠው ሕንፃውንና በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ነው። የይዞታ ማረጋገጫው በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ ወይም ሻጩ ቅጂውን ብቻ እያሳየ ዋናውን ከሸሸገ፣ ይህ የመጀመሪያው የአደጋ ምልክት ነው። የሊዝ ውዝፍ ዕዳ፣ የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩ ይዞታውን ከሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ይጣራ። የተመዘገበ መያዣ ቤቱ ቢሸጥም አብሮት ይሄዳልና፣ ዋጋውን ከፍሎ የጨረሰ ገዢ በሰው ዕዳ ቤቱን ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛው የግንባታ ፈቃዱ ነው። ፈቃዱ ለአምስት ፎቅ ተሰጥቶ ሰባተኛው ፎቅ የሚሸጥ ከሆነ፣ ገዢው የሚከፍለው ለአየር ነው።

ሦስተኛው ውሉ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። እንግዲህ «በቢሮአችን መፈራረም ይበቃል» የሚል ሻጭ የሚያጠራጥር ነው። የማስረከቢያው ቀን በቁርጥ ያልተጻፈበት፣ ስለ መዘግየት የሚከፈለውን ኪሣራ የማይጠቅስ፣ ወይም ሻጩ ዋጋውን እንደ ፈቃዱ እንዲጨምር የሚፈቅድ ውልም እንደዚሁ ነው።

አራተኛው አከፋፈሉ ነው። መሠረቱ ሳይቆም የዋጋው እኩሌታ ከተጠየቀ፣ ወይም ገንዘቡ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ እንዲገባ ከተባለ፣ ገዢው እጁን ይሰብስብ።

በመጨረሻም ኩባንያው ቀድሞ ያስረከባቸውን ቤቶች ሄዶ መጎብኘትና ነዋሪዎቹን መጠየቅ ይገባል፦ ቤቱን በቀኑ ተረከቡ? ካርታው በስማቸው ዞረ?

«ዛሬ ካልከፈሉ ነገ ዋጋው ይጨምራል» እያለ የሚያጣድፍ ሻጭ ይህን ሁሉ ለማጣራት ጊዜ የሚነሣ ነው። አባቶች «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ማለታቸው ስለዚህ ነው። አንድ ሳምንት በማጣራት ያሳለፈ ነጋዴ ምናልባት አንድ ቤት ያመልጠው ይሆናል፤ ሱቁ ግን አይዘጋም።