ጋዝ ከማስሞላትዎ በፊት

ኤር ኮንዲሽነር ሲባል ቀድመው የሚታወሱት ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አብዛኛው ቤት መስኮት ከፍቶ ይበቃዋል። ሆኖም አማኑኤል አካባቢ ባንኩና ፋርማሲው ቀርቶ፣ ከሱቅ በላይ ካሉት መኖሪያ ቤቶችም ግድግዳቸው ላይ ያስገጠሙ አይጠፉም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ፀሐይዋ ስትበረታ ታዲያ የሚሰማው ቅሬታ አንድ ነው፦ «አይቀዘቅዝም፤ ጋዙ አልቋል መሰለኝ።»

ጋዙ ግን እንደ ቡታጋዝ እየነደደ አያልቅም። በታሸገ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ቤት ውስጥ ባለው ኮይል ተንኖ የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል፤ ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፤ ከዚያ ውጪ ባለው ኮይል ሙቀቱን አራግፎ፣ ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል አየር እንደልቡ ካላለፈ ጋዝ ሞልቶም ቤቱ አይቀዘቅዝም።

አማኑኤል ደግሞ ለፊልተር የሚመች ሰፈር አይደለም። በበጋ የጭነት መኪና የሚያስነሳው አቧራ፣ ከመርካቶ ጨርቅ የሚበነው ብናኝ፣ የቤቱ የቁሌትና የእጣን ጢስ ተደባልቀው ይገቡበታል። ደረቅ አቧራ በብሩሽ ይራገፋል፤ የዘይት ጢስ የነካው ግን ጣት ላይ የሚጣበቅ ቡናማ ሽፋን ይሆናል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ማራገቢያው የሚያሳልፈው አየር ድሮም ስስ ነው። ፊልተሩ ሲደፈንበት ኮይሉ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርድና በረዶ ይሠራል፤ ኮምፕረሰሩም ይጎዳል።

ጽዳቱ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ መብራቱን ከብሬከሩ ያጥፉ። የፊት ክዳኑን ከፍተው ፊልተሩን ያውጡ፤ አቧራውን አራግፈው ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና ይጠቡት። ፀሐይ ፕላስቲኩን ስለሚያጣምመው ጥላ ላይ ያድርቁት፤ እርጥቡን አይመልሱት። በአቧራ ወቅት ይህን በየሁለት ሳምንቱ ማድረግ ይገባል። ከፊልተሩ ኋላ ያሉት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች በቀላሉ ይታጠፋሉ፤ ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ከላይ ወደ ታች ብቻ ይጥረጉ። ውኃ በግድግዳው ላይ ከወረደ የተደፈነው የማፍሰሻ ቱቦው ነው። ውጪ ያለውን ክፍል ልብስ አያስጡበት፤ ካርቶንም አይደግፉበት።

ከዚህ በላይ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው፤ ውጪኛው ክፍል ውስጥ ያለው ካፓሲተር መብራት ከጠፋም በኋላ ሊነዝር ይችላል። ፊልተሩም ኮይሉም ጸድቶ ካልቀዘቀዘ ጋዙን ማስለካት ተገቢ ነው። ጎድሎ ከተገኘ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ያ ሳይበየድ የተሞላ ጋዝ ተመልሶ ይወጣል። የጋዙ ዓይነት ማሽኑ ላይ ተለጥፎ ስላለ ሌላ እንዳይቀላቀልበት ያስረዱ። በድሮ ማሽኖች ያለው አር-22 የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከአገልግሎት እንዲወጣ የተወሰነበት ነው፤ ወደ አየር ሊለቀቅ አይገባም።

ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ ሁሉ ቤቱንና ደጁን ያጸዳል። የአቧራው ወራት የሚጀምረውም ያኔ ስለሆነ፣ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ለማስጸዳት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ባለሙያ ሲጠሩም «ጋዝ ሙላልኝ» ከማለት «መጀመሪያ አጽዳልኝ፣ ከዚያ ለካልኝ» ማለት ገንዘብዎንም ማሽንዎንም ያተርፋል።