ውፍረትና እብጠት

አዲስ ቃላት፦ ክብደት፣ ውፍረት፣ የደም ግፊት፣ እብጠት

«ወፈርህ፣ አማረብህ!» እንባባላለን። ውፍረትን የጥጋብና የጤና ምልክት አድርገን ስለምናይ ነው። ነገር ግን ውፍረትና ጤና አንድ አይደሉም። እንግዲህ ቃላቱን ለይተን እንወቅ።

ክብደት ማለት በሚዛን ተለክቶ በኪሎ የሚነገረው ነው። ውፍረት ማለት በሰውነታችን ውስጥ ስብ ከመጠን በላይ መከማቸት ነው። የምንበላው ምግብ በሥራ ከምናወጣው ጉልበት ሲበልጥ ትርፉ ስብ ይሆናል። ይህም ሲበዛ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ያጋልጣል። የደም ግፊት ማለት ደም የሚሄድበትን ሥር የሚገፋበት ኃይል ነው። በሕክምና ካርዳችን ላይ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ተጽፎ ካነበብን ግፊቱ ከፍ ብሏልና ሐኪሙን እንጠይቅ። ቀጭን ሰውም ቢሆን ይይዘዋል።

እብጠት ግን ሌላ ነው። ምግብ የጎደለው ልጅ እግሩና ፊቱ ያብጥና የወፈረ ይመስላል። «ልጄ ወፈረልኝ» ብለን ከተዘናጋን ልናጣው እንችላለን። ሁለቱንም እግሮቹን ከላይ በኩል በአውራ ጣታችን ለ3 ሴኮንድ ጫን አድርገን እንልቀቅ። በሁለቱም ላይ የጣታችን ጉድጓድ ከቀረ ልጁ ታሟል እንጂ አልወፈረም። ውሎ ሳያድር ጤና ጣቢያ እናድርሰው።